ጦጣዋ ለምን አታወራም? ስለ ቋንቋ አመጣጥ የሚነገሩ መላምቶችን ጎን ለጎን ማየት

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ይዤ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ወረድኩ። ለእኔ ጥሬ ዓሣ በዳጣ፣ ለእሱ ጥብስ አዘዝኩ። ገና ሁለቴ ሳንጎርስ አንዲት ጦጣ ከዛፉ ወረደችና የኦቾሎኒውን ላስቲክ ከልጁ እጅ ላፍ አድርጋ ሄደች። ልጁ ጮኸ። ከዚያ ሳቀ። ከዚያ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ጦጣ እንዲህ ብልጥ ከሆነች ለምን አታወራም?»

እኔ መልስ ስፈልግ ኦቾሎኒ ሻጯ ቀደመችኝ። «ካወራችማ ሥራ ያዟታል!»

ሳቅን። ግን ነገሩን ካሰባችሁት የልጅቷ መልስ ሙሉ መላምት ነው። ምክንያት አለው፣ ውጤት አለው፣ ከምክንያቱ ወደ ውጤቱ የሚወስድ መንገድም አለው። ስለ ቋንቋ አመጣጥ ብዙ ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል። አንዳንዶቹ ከዚህ የበለጠ አጥንት የላቸውም።

ችግሩ ቃል አጥንት አለመሆኑ ነው። ኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የሰው ቅሪት ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት ገደማ እንደሚሆነው በ2022 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የወጣ ጥናት ያሳያል። የራስ ቅሉን ማየት እንችላለን። ሰውየው ውኃን ምን ብሎ ይጠራ እንደነበር ግን ምንም ነገር አይነግረንም። ጽሑፍ የተጀመረው ከ5 ሺህ ዓመት ብዙም በማይርቅ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ዝም ነው።

ዝምታው የሰውን ምላስ አልያዘም እንጂ። የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የጻፈው አንድ ታሪክ አለ። የግብፁ ንጉሥ ፕሳሜቲኩስ ሁለት ሕፃናትን ለእረኛ ሰጠ፤ ማንም ፊታቸው እንዳይናገር አዘዘ። የመጀመሪያ ቃላቸው የሰው ልጅ የመጀመሪያ ቋንቋ ይሆናል ብሎ ነው። ልጆቹ «ቤኮስ» አሉ ይባላል። ይህ በፍርግያ (በዛሬዋ ቱርክ ይኖር በነበረ ጥንታዊ ሕዝብ) ቋንቋ ዳቦ ማለት ሆኖ ተገኘ፤ ንጉሡም ጥንታዊነቱን ለፍርግያ ሰዎች ለቀቀ። ልጆቹ ያደጉት ከፍየሎች ጋር ነበር። «ቤ...» የሚለውን ከማን እንደሰሙት ለመገመት ንጉሥ መሆን አያስፈልግም።

በ1861 ደግሞ የሥነ ልሳን ሊቁ ማክስ ሙለር በዘመኑ የነበሩትን ሐሳቦች የቅጽል ስም አወጣላቸው። ሰው የእንስሳትን ድምፅ በመኮረጅ ጀመረ የሚለውን በውሻ ጩኸት ጠራው። ከስሜት ጩኸት ተነሣ የሚለውንም በንቀት ትንፋሽ ሰየመው፤ በእኛ «የኤጭ! መላምት» እንደማለት ነው። ኋላ ላይ ሰዎች አብረው ሲጎትቱና ሲሸከሙ ካወጡት ድምፅ መጣ የሚልም ተጨመረ። ሐይቁ ዳር ጀልባ ሲጎተት «ሆ!» ሲባል የሰማ ሰው ይህን ይወደው ይሆናል። ግምቱ በዛና የፓሪስ የሥነ ልሳን ማኅበር በ1866 ስለ ቋንቋ አመጣጥ ምንም ጽሑፍ አልቀበልም ብሎ በደንቡ አሰፈረ። እኔ በዚህ አልፈርድበትም። ማስረጃ በሌለበት ጉዳይ የሚነሣን ክርክር ጮክ ብሎ የተናገረው ያሸንፋል።

ዛሬ ማስረጃ አለ። ቅሪተ አካል፣ ዘረ መል፣ የእንስሳት ጥናት፣ የምልክት ቋንቋ፣ የላቦራቶሪ ሙከራ፣ የኮምፒውተር ሞዴል። መላምቱም ከማስረጃው ጋር በዛ። አንዱ ሐሜት ነው ይላል፣ አንዱ እጅ ነው፣ አንዱ ድንጋይ መጥረብ ነው፣ አንዱ ድንገተኛ የዘር ለውጥ ነው። ታዲያ እንዴት ይለያል?

እኔን የረዱኝ ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው የኒኮ ቲንበርገን ነው። የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ ነበር፤ ኋላ ኖቤል ተሸልሟል። በ1963 «ለምን?» የሚለው ቃል አራት ጥያቄ እንደሚደብቅ አሳየ። ጉሬዛ ጎህ ሲቀድ ለምን ይጮኻል? አንድ፦ ጉሮሮውና አንጎሉ ድምፁን እንዴት ያወጡታል? ሁለት፦ ግልገል ሆኖ እስኪያድግ ድረስ ጩኸቱ እንዴት ይመጣል? ሦስት፦ መጮኹ ምን ይጠቅመዋል? አራት፦ ከየትኛው የቅድመ አያት ጩኸት ወረሰው? አራቱም «ለምን» ናቸው። የአንዱ መልስ የሌላውን አያፈርስም።

ስለ ቋንቋ የሚጣሉ ሊቃውንትን በዚህ ወንፊት ካሳለፋችኋቸው ግማሹ ጠብ ይጠፋል። አንዱ ስለ ጥቅም ሲያወራ ሌላው ስለ አሠራር ይመልስለታል። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን አልተገናኙም።

ሁለተኛው ዘዴ ቀስት መሳል ነው። እያንዳንዱን መላምት «ይህ ያንን አመጣ» በሚል ሰንሰለት ጻፉት። ከዚያ ከእያንዳንዱ ቀስት ጎን «ይህን በምን አወቅህ?» ብላችሁ ጠይቁ። በ2020 ሾን ሮበርትስና ባልደረቦቹ በዚህ መንገድ ቺልድ የሚባል የመረጃ ቋት ሠርተዋል። ከበርካታ ጽሑፎች የምክንያትና ውጤት ቀስቶችን እየለቀሙ በአንድ ካርታ ላይ ማስቀመጥ ነው ሥራው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ግን ወፍራም መጽሐፍ የጻፈ ሰው ወደ አምስት ቀስት ሲወርድ የቱ ጋ እንደዘለለ ወዲያው ይታያል።

እስኪ በሐሜት እንጀምር።

የዚህ ባለቤት እንግሊዛዊው ሮቢን ደንባር ነው። ደንባር በ1970ዎቹ ስሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። ጭላዳዎች ቀኑን ሙሉ ሳር ይግጣሉ፤ ትርፍ ጊዜ ሲያገኙ ቅማል ይለቃቀማሉ። ቅማሉ ሰበብ ነው። ዋናው ወዳጅነት ማጥበቅ ነው። የእሱ ሰንሰለት እንዲህ ይሄዳል፦ ቡድኑ ሰፋ፤ ወዳጅ በዛ፤ እያንዳንዱን ወዳጅ በእጅ መዳሰስ ጊዜ አሳጣ፤ ስለዚህ ድምፅ እጅን ተካ፤ ድምፁ ወሬ ሆነ። በእሱ ስሌት የሰው የተፈጥሮ ቡድን 150 አካባቢ ነው። ይህን ሁሉ ሰው በቅማል መለቃቀም መያዝ ከቀኑ 40 በመቶ ያህሉን ይበላል። ዝንጀሮና ጦጣ ቢበዛ እስከ 20 በመቶ ነው የሚሄዱት። በወሬ ግን በአንዴ ሦስት ሰው ትይዛላችሁ።

ይህን ቡና ላይ ፈትሹት። አራት ሰው ሲቀመጥ ጨዋታው አንድ ነው። አምስተኛዋ ጎረቤት ስትገባ ትንሽ ይንገዳገዳል። ሰባት ሲሆን ያለጥርጥር ሁለት ወሬ አለ፤ አንዱ በረከቦቱ በኩል፣ አንዱ በበሩ በኩል። ደንባርም የንግግር ክበብ ከአራት ሰው እምብዛም እንደማያልፍ መዝግቧል። የሚወራውስ? አብዛኛው ስለ ሰው ነው። ማን አገባ፣ ማን ተጣላ፣ የማን ልጅ ምን ሆነ።

ወድጄዋለሁ። ግን ቀስቶቹን ስቆጥር ሁለቱ ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል። አንደኛ፣ ወዳጅነት ለማጥበቅ ድምፅ ብቻ ከበቃ ሰዋስው ምን ያደርጋል? አብሮ መዝፈን ይበቃ ነበር። ዳርዊን ራሱ በ1871 ከቃል በፊት ዜማ ነበር ብሎ ገምቷል። ሁለተኛ፣ ቅማል ሲለቅምልኝ የዋለ ወዳጅ ግማሽ ቀኑን ሰጥቶኛል። «እወድሃለሁ» ያለኝ ግን ምንም አላወጣም። ርካሽ ነገር ለምን ይታመናል? ይህ የመተማመን ጥያቄ የሐሜቱን መላምት ብቻ አይደለም የሚያስቸግረው። በሁሉም መላምት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ወደ ጦጣችን እንመለስ። የአሞራ ገደል ጦጣ የምሥራቅ አፍሪካዋ የቬርቬት ጦጣ የቅርብ ዘመድ ናት። ተመራማሪዎቹ ሴይፋርዝ፣ ቼኒና ማርለር በ1980 ባሳተሙት ጥናት ኬንያ አምቦሴሊ ውስጥ ጦጣዎቹ ራሳቸው ነብር፣ ንስርና እባብ ሲያዩ የሚያወጡትን ጩኸት ቀድተው ከድምፅ ማጉያ መልሰው አሰሙ። የነብሩን ጩኸት የሰሙ ጦጣዎች ዛፍ ላይ ወጡ። የንስሩን የሰሙ ወደ ሰማይ አዩ። የእባቡን የሰሙ በሁለት እግር ቆመው ሳሩን ቃኙ። ዓለም «ጦጣ ቃል አላት!» አለ።

ነገሩ ግን ቀጠለ። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ሴኔጋል ውስጥ ዘመዶቻቸው በሆኑ አረንጓዴ ጦጣዎች ላይ ድሮን አበረረ። እነዚህ ጦጣዎች ለንስር የተለየ ጩኸት አልነበራቸውም። ድሮኑን ሲያዩ ያወጡት ድምፅ የኬንያዎቹን የንስር ጩኸት የሚመስል ሆነ። ማንም አላስተማራቸውም። ድምፁ አብሯቸው የተወለደ ነው። የድሮኑን ድምፅ ከሰሙ በኋላ ወደ ሰማይ ማየትን ግን ቶሎ ለመዱ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ጦጣ አዲስ ነገር መረዳት ትችላለች፤ አዲስ ድምፅ መፍጠር አትችልም። ጆሮዋ ተማሪ ነው፣ አፏ ግን አይማርም። ለእህቴ ልጅ መስጠት የነበረብኝ መልስ ይህ ነበር።

ከአፍ ይልቅ እጅ ይቀላል የሚሉት ከዚህ ይነሣሉ። ቪኪ የምትባል ቺምፓንዚን ንግግር ለማስተማር ዓመታት ተደክሞ አራት ቃል ያህል ነው የተገኘው፤ እሱም በግድ። ከ1966 ጀምሮ ግን ዋሾ የምትባል ሌላ ቺምፓንዚ የምልክት ቋንቋ ተምራ ከመቶ በላይ ምልክት ያዘች። ስለዚህ ማይክል ኮርባሊስን የመሰሉ ተመራማሪዎች ሰንሰለታቸውን እንዲህ ያስራሉ፦ በሁለት እግር መሄድ፣ የእጅ ነፃ መሆን፣ በእጅ ማሳየት፣ ከዚያ በኋላ ድምፅ። እኛም እኮ ስልክ እያወራን እጃችንን እናወናጭፋለን፤ ማን እንደሚያየን እንጃ።

የሚያነክሰው የመጨረሻው ቀስት ነው። እጅ በቂ ከነበረ ለምን ተተወ? ለጨለማ፣ ሥራ ለያዘ እጅ ይላሉ። ይሁን። ግን የምልክት ቋንቋ ሙሉ ቋንቋ ነው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ይማሩበታል፣ ይቀልዱበታል፣ ይከራከሩበታል። ሙሉ የሆነን ነገር መተው ጠንካራ ምክንያት ይፈልጋል። የሚታየኝ መፍትሔ እጅና አፍ መጀመሪያውኑ አብረው ነበሩ የሚለው ነው።

የድንጋዩን ቶሎ ልለፈው። አፋር ጎና ውስጥ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። መጥረብ ማስተማርን ጠየቀ፣ ማስተማር ቋንቋን ጠየቀ ነው ነገሩ። በ2015 የታተመ ሙከራ በቃል የተማሩ ሰዎች አይተው ብቻ ከኮረጁት የተሻለ እንደጠረቡ አሳይቷል። ይሻላል ማለት ግን ያለ እሱ አይሆንም ማለት አይደለም። ጋራዥ ገብታችሁ ረዳቱ እንዴት እንደሚማር እዩ። «እንዲህ።» «አይደለም!» «እንዲህ ነው ያልኩህ!» ሌላው ሁሉ ማየት ነው።

አሁን ትልቁ ጠብ ጋ ደረስን።

የሥነ ልሳን ሊቁ ኖአም ቾምስኪና አብረውት የሚያስቡ ሰዎች ሌሎቹን ሁሉ ጥያቄውን ስታችኋል ይሏቸዋል። ቋንቋ ድምፅ አይደለም፣ ወሬም አይደለም። ሁለት ነገር ወስዶ አንድ ማድረግ፣ ያንን አንዱን ደግሞ ከሌላ ጋር ማጣመር ነው፤ ማለቂያ የለውም። አማርኛ ይህን ሲያሳይ ያምርበታል፦ «ጎረቤቴ ያስተዋወቀኝ ሰውዬ ያሠራው ጀልባ ላይ የሚሠራው ልጅ።» አንዱ በአንዱ ሆድ ውስጥ ነው። በ2002 ቾምስኪ ከሃውዘርና ከፊች ጋር ይህ ችሎታ ብቻውን ልዩ የሰው ድርሻ ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። ቾምስኪ ከዚያ አልፎ ችሎታው በአንዲት የዘር ለውጥ ድንገት መጣ ይላል፤ መጀመሪያ ለማሰብ፣ ኋላ ለመናገር።

በተቃራኒው ስቲቨን ፒንከርና ፖል ብሉም በ1990 ቋንቋ እንደ ዓይን ውስብስብ ነው፤ እንደ ዓይንም ቀስ በቀስ በተፈጥሮ ምርጫ ተሠራ ብለው ተከራክረዋል።

በቲንበርገን ወንፊት እናሳልፋቸው። ቾምስኪ የሚመልሰው አሠራሩን ነው። ፒንከርና ብሉም ስለ ጥቅምና ስለ ታሪክ ይናገራሉ። በእውነት የሚጋጩት ፍጥነቱ ላይ ነው፦ ድንገት ወይስ ቀስ በቀስ? የእኔን ልናገር፣ ድንገት የሚለው አይዋጥልኝም። ሰንሰለቱ አንድ ቀስት ብቻ ነው፤ ያችም ቀስት የምትይዘው ሸክም ከባድ ነው።

በአንድ ቀስት ላይ ብዙ መጫን ምን እንደሚያመጣ ፎክስፒ2 የሚባለው ዘረ መል ያሳያል። በ2001 እንግሊዝ ውስጥ የንግግር ችግር ባለበት አንድ ቤተሰብ ላይ ጉድለቱ ተገኘ። በ2002 የሰው ልጅ ቅጂ ባለፉት 200 ሺህ ዓመታት ውስጥ በፍጥነት ተመርጦ ተስፋፋ ተባለ። ጋዜጦች «የቋንቋ ዘረ መል» አሉት። በ2007 ያው ቅጂ ዘሩ በጠፋው የሰው ዘመድ፣ በኒያንደርታል ውስጥ ተገኘ። በ2018 ደግሞ ብዙ አፍሪካውያንን ያካተተ ሰፊ ናሙና ሲታይ ያ የፍጥነት ምልክት ጠፋ። የመጀመሪያው ናሙና ትንሽ ነበር፣ አብዛኞቹም ከአፍሪካ ውጭ የሆኑ ሰዎች ነበሩ። ዘረ መሉ ለንግግር ያስፈልጋል፤ ይህ አልተለወጠም። የተበጠሰው ታሪኩ ነው።

ጉሮሮም እንዲሁ ሆኗል። የሰው ማንቁርት ወደ ታች ወርዷል፤ ስለዚህ እንናገራለን ይባል ነበር። በ2001 ፊችና ሪቢ የቀይ አጋዘን ወንዱም ማንቁርቱ የወረደ መሆኑን አሳዩ። አጋዘኑ ግን ያገሳል እንጂ አያወራም። በ2016 የማካክ ጦጣ አፍና ጉሮሮ በራጅ ፊልም ተለክቶ ለንግግር የሚበቃ ድምፅ ማውጣት እንደሚችል ተሰላ። የጎደላት ጉሮሮ አይደለም፤ ጉሮሮውን የሚያዝ አንጎል ነው።

አፋር ዲኪካ ላይ በ2000 በዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተገኘችው፣ ሰላም የተባለችው የሕፃን ቅሪት እዚህ ትገባለች። ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ነው። ከእሷ ጋር ከምላስ ሥር የምትገኘው ስስ አጥንት አብራ ተገኝታለች። እንዲህ ያለች አጥንት ሳትፈርስ ስትቀር ብርቅ ነው። ቅርጿ የቺምፓንዚና የጎሪላን ይመስላል። እነሱ ጉሮሯቸው ላይ የአየር ከረጢት አላቸው፤ ከረጢቱ ደግሞ አናባቢዎችን ያደበዝዛል። እስራኤል ኬባራ ዋሻ የተገኘው ወደ 60 ሺህ ዓመት የሚጠጋው ኒያንደርታል አጥንት ግን የእኛን ይመስላል። ስለዚህ በመካከል አንድ ቦታ ከረጢቱ ጠፍቷል። ይህ ቀስት ቀጭን ነው፣ ግን በእጅ የሚዳሰስ አጥንት ላይ ቆሟል።

እስካሁን ሁሉም የተናገረው ስለ ሥጋ ነው። የቀረው ወገን ቋንቋው ራሱ ተለውጧል ይላል። ሳይመን ከርቢና ባልደረቦቹ በ2008 ሰዎችን ትርጉም የለሽ ቃላት አስጠኑ። የአንዱ ተማሪ መልስ ለሚቀጥለው ትምህርት ሆነ፤ እስከ አሥር ትውልድ። መጀመሪያ ዝርክርክ የነበረው እየተስተካከለ ሄደ። ቀለም የራሱ ቁራጭ ቃል አገኘ፣ እንቅስቃሴም የራሱን። ማንም አላቀደውም። ለመማር የሚያስቸግረው ወደቀ፣ የሚቀለው ተላለፈ።

ይህን እኛም ቤት እናውቀዋለን። «ቃል» ሲበዛ «ቃላት» ነው፤ ከግዕዝ የመጣ ነው። ልጆቹ ግን «ቃላቶች» ይላሉ። መምህሩ ያርማል፣ ልጆቹ ይመለሱበታል። ለብዙ ቁጥር አንድ መንገድ ከለመድክ ሁለተኛውን መያዝ ሸክም ነው። እኔም ራሴን «መምህራኖች» ስል ይዤዋለሁ። የባህል ጉልበት ቃል እንደሚለውጥ ለማየት ደግሞ ከሀዋሳ መውጣት አያስፈልግም። በሲዳማ ባሊሻ የሚባል ልማድ አለ። ያገባች ሴት የአማቶቿ ስም በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምሩ ቃላትን ትሸሻለች፤ ምትክ ቃል ትጠቀማለች። ከዘረ መል አንድም ሳይነካ የአንድ ቤት ቃላት ተለወጡ ማለት ነው።

አሁን ሁሉም የሚሻሙባትን ማስረጃ እዩ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኒካራጓ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች። ልጆቹ የመጡት እያንዳንዳቸው የቤታቸውን ምልክት ይዘው ነው። ግቢ ውስጥ ተገናኙ፣ አዲስ የምልክት ቋንቋ ተወለደ። የቾምስኪ ወገን «አያችሁ? ሰዋስው ከውስጥ ነው የወጣው» አለ። የባህል ወገን «አያችሁ? ሰዋስውን ያስተካከሉት በኋላ የገቡት ትናንሽ ልጆች ናቸው፤ መተላለፉ ነው» አለ። ማስረጃው አንድ ነው፤ የገባበት ሰንሰለት ሁለት። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ «የቱ ያሸንፋል?» አትበሉ። «ሁለቱ ምን ላይ የተለያየ ነገር ይተነብያሉ?» በሉ። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ገና ከጅምሩ ሙሉ ሰዋስው ነበራቸው ወይ? የተጠናው እንደሚያሳየው ግማሹ ነበር፣ ግማሹ በኋላ መጣ።

ካርታውን አንድ ላይ ስትዘረጉት አንዳንዱ ቀስት ክብ ይሠራል። አንጎል ቋንቋን አመጣ? ወይስ ቋንቋ አንጎልን? ቴረንስ ዲከን በ1997 ሁለቱም እየተጎተቱ አደጉ ብሏል። ይህ የመሸሻ መልስ ይመስላል፤ ግን ብዙ ነገር የሚያድገው እንዲህ ነው። እኔ የማምነው ሥጋው ቀስ ብሎ ተዘጋጀ፣ ባህል ሰዋስውን ጠረበ በሚለው ነው። የሐሜቱ መላምት ለምን እንደምናወራ ይነግረኛል፤ እንዴት እንደምናወራ ግን አይነግረኝም። የመተማመኗ ቀስት አሁንም ባዶ ናት።

ይህን ሁሉ በአጭሩ ለልጁ ልነግረው ሞከርኩ። ስለ ንስሩ ጩኸት ስነግረው ዓይኑ በራ። ስለ ቾምስኪ ስጀምር ዓሣውን በላ።

ልንነሣ ስንል ጦጣዋ የኦቾሎኒውን ባዶ ላስቲክ ጥላ ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጁ ወደ እሷ ዞሮ ባለ በሌለ ኃይሉ «ንስር!» ብሎ ጮኸ። ጦጣዋ ጆሮዋን አከከች። እኔ ግን ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ኦቾሎኒ ሻጯም አየች። ከዛፉ ጫፍ ላይ ከአንድ አባ ኮዳ በስተቀር ምንም አልነበረም።

ልጁ በሳቅ ሞተ።